ጊንጥ የለኝም

«ወይ ወንድምህ ከዚህ ቤት ይውጣ፣ ወይ ተባዮቹ ይውጡ!»

ይህን የሰማሁት ከመጋረጃው ወዲህ፣ ብርድ ልብሴን እስከ አፍንጫዬ ስቤ ተኝቼ ነው። የወንድሜ ሚስት በስልክ ስታወራ ድምጿን ዝቅ ያደረገች ይመስላታል እንጂ ዝቅ አይልም። ፀጉር ቤት ውስጥ በፀጉር ማድረቂያ ካስክ ጩኸት መሃል ስታወራ ስለምትውል ጉሮሮዋ ለምዶበታል። ወንድሜ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ርቆ ሲሄድ የሚደውልላት ጎህ ሊቀድ ሲል፣ ሞተር እያሞቀ ነው። እሱ የሚመልሰው አይሰማኝም፤ የምሰማው የእሷን ብቻ ነው። «ዛሬማ ከልጅቷ ትራስ ስር ነው ያነሳሁት! … አዎ፣ ትራሷ ስር! ያንን ጥቁሩን፣ ጅራቱ የተቆለመመውን። … ኧረ አልጮህኩም፤ መጮህማ ድሮ ቀረ። በጅራቱ አንጠልጥዬ ቆርቆሮው ውስጥ ወረወርኩለት። … ሳቅ! አንተ እዚያ ሆነህ ሳቅ!» ከዚህ ሁሉ ጆሮዬ ውስጥ የቀረችው «ይውጣ» የምትለዋ ብቻ ነበረች። ብወጣ የት እንደምገባ እያሰብኩ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ።

ቤታችን አንድ ክፍል ነው፤ በአበባማ መጋረጃ ለሁለት ተከፍሏል። ከመጋረጃው ወዲያ ትልቁ አልጋ፣ ቁም ሳጥኑና ቴሌቪዥኑ አሉ። እሷና ልጅቷ እዚያ ይተኛሉ፣ ወንድሜም ሲመጣ እዚያው ነው። ከመጋረጃው ወዲህ የኔ ታጣፊ አልጋ፣ በሩ፣ የጫማ መደርደሪያው፣ ከመደርደሪያው ላይ ደግሞ የብስኩት ቆርቆሮዬ አለ። ሰው ከውጭ ሲገባ መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ስለሆነ እንግዳ በመጣ ቁጥር ተነስቼ ወደ ግቢ እወጣለሁ። በትልቁ አልጋ በኩል ያለው መስኮት የሚያየው የጎረቤትን አጥር ነበር። ያ የድንጋይ አጥር ሰሞኑን ፈርሶ ድንጋዩ መስኮታችን ስር ተከምሯል። አዲሱ ግንብ እስኪሠራ ታገሱን ተብለናል፤ እየታገስን ነው።

የምሠራው ያገለገሉ የልጆች መጫወቻዎች በጆንያ እየመጡ የሚመረጡበት መጋዘን ውስጥ ነው። እኔ አጣቢ ነኝ። አሻንጉሊቱን፣ መኪናውን፣ ኳሱን በሳሙና አጥቤ፣ ስንጥቅ ስንጥቁን በጥርስ ብሩሽ ፈትጌ አሰጣለሁ። ከጆንያው አንዳንዴ የጎማና የፕላስቲክ ነፍሳት ይወጣሉ። እነሱን የሚገዛ የለም። እናቶች ገና ሲያዩአቸው እጃቸውን ይሰበስባሉ፣ ነጋዴም ዋጋ አያወጣላቸውም። ባለ መጋዘኑ «ጣላቸው» ሲለኝ እንደምንም ብዬ «ልውሰዳቸው?» አልኩት። «ምን ልታደርጋቸው? ልታረባቸው ነው?» ብሎ ሳቀ። እንደዚያ ተጀመረ። አሁን ቆርቆሮዬ ውስጥ ክንፏ ብርሃን የሚያሳልፍ ሰማያዊ ተርብ ዝንብ አለች። ጀርባው የሚያብረቀርቅ ጥንዚዛ፣ አንድ እግሩ የተቆረጠ ጥቁር ጉንዳን፣ ወገቡን ሲጫኑት የሚዘል ፌንጣ፣ ቀይ መቶ እግር፣ በርከት ያሉ ሸረሪቶች አሉ። ከሸረሪቶቹ አንዷ ስድስት እግር ብቻ ነው ያላት። የሠራት ሰው ሁለቱን ረስቷቸው ይሁን ሰልችቶት አላውቅም፤ አብልጬ የምወዳት እሷን ነው። ከሥራ ስመለስ አልጋዬ ላይ አንድ በአንድ አወጣቸዋለሁ። ሰው ፊት ስቆም የሚጠፋብኝ ቃል ከእነሱ ጋር ስሆን አያስፈልገኝም።

የወንድሜ ልጅ መጀመሪያ ትፈራቸው ነበር። ቤት ውስጥ ሚጢጢ ነው የምንላት፤ መዋዕለ ሕፃናት የገባችው ዘንድሮ ነው። ፍርሃቷን ያስጣልኳት እኔ ነኝ። ትንሿን ጣቷን ይዤ በሸረሪቷ ጀርባ ላይ እያስኬድኩ «አየሽ? ምንም አያደርግም» እላት ነበር። ከዚያ በኋላ ትራሷ ስር ታስተኛቸው ጀመር። ጫማ ውስጥ ትከታቸዋለች፣ እናቷ ቦርሳ ውስጥ ትረሳቸዋለች። እናቷም በጩኸት ጀምራ፣ በስድብ ቀጥላ፣ በመጨረሻ ለመደች። ያገኘችውን አንጠልጥላ ቆርቆሮው ውስጥ ትወረውርና ክዳኑን ጥብቅ አድርጋ ትዘጋለች። እኛ ቤት ነፍሳት አይቶ የሚደነግጥ ሰው አልቀረም።

መጋረጃውን ገልጣ ስትመጣ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር።

«ሰምተሃል አይደል?» አለችኝ።

«ይቅርታ እትዬ።»

«ምኑን ነው ይቅርታ የምትለኝ? ገና ምን ተናገርኩህ?»

«ይቅርታ።»

«ፋብሪካህ ደግሞ ጥራት ጨምሯል። የዛሬው እንደ ሌሎቹ ልፍስፍስ አይደለም፤ በጨለማ ሰው ይገድላል!» ልትስቅ አለችና ተወችው። «ስማ፣ ጠልቼህ አይደለም። ደክሞኝ ነው። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ውዬ፣ ሌሊት ደግሞ ከአልጋዬ ላይ ተባይ ስለቅም ልደር?»

«አይደገምም እትዬ» አልኩ። ምኑ እንደማይደገም እንኳ አላሰብኩም። ሰው ሲቆጣኝ አፌ ላይ የሚመጣው ይኸው ነው።

ሌላ ቀን ቢሆን ከመውጣቴ በፊት ቆርቆሮውን ከፍቼ አየት አደርጋቸዋለሁ። ያን ቀን ግን እሷ እያየችኝ እጄን ወደዚያ መስደድ አፈርኩ። ሚጢጢ አፏን ከፍታ ተኝታለች፤ ትራሷ መሬት ወድቋል። በሩን ቀስ ብዬ ዘግቼ ወጣሁ።

መጋዘኑ አዲስ ጭነት ገብቶለት ነበር። መራጮቹ ሸራ ዘርግተው ጆንያ እየዘረገፉ፣ የተሰበረውን ወደዚያ፣ ደህናውን ወደዚህ ይወረውራሉ። አንደኛዋን መራጭ «ራዲዮ» ነው የምንላት፤ ጠዋት ከተከፈተች እስከ ማታ አትዘጋም። ስለ ባሏ ማንኮራፋት፣ ስለ ኪራይ፣ ስለ ጎረቤቷ ድመት ሳታቋርጥ ታወራለች። እኔ የላስቲክ ሽርጤን አስሬ፣ ቦት ጫማዬን አድርጌ ገንዳዬ ላይ አጎንብሻለሁ። አረፋው ውስጥ እጄን እያመላለስኩ የማስበው ስለ ማደሪያ ነበር። ወንድሜ በአፉ ውጣ አይለኝም፤ እሱ ዝም ይላል፣ እኔም ዝም እላለሁ፣ በመጨረሻ ዝምታው ራሱ ያስወጣኛል። ኪራይ የሚያስጠጋ አይደለም። መጋዘኑ ውስጥ ልደር ብል ባለቤቱ ይስቅብኛል።

«አንተ ዝምተኛ!» ብላ ጮኸች ራዲዮ። «ሙሽራህ መጣችልህ፣ ተነስተህ ተቀበላት!»

የወረወረችው ነገር ገንዳዬ ውስጥ ጠልቆ ውሃውን ፊቴ ላይ ረጨው። አውጥቼ አየሁት። ጥቁር ነው፣ ሁለት ወፋፍራም ቆንጣጮች አሉት፣ ጅራቱ በጀርባው ላይ ወደ ላይ ተቆልምሟል።

«ጊንጥ!» አልኩ፣ ሳላስበው ጮክ ብዬ። «ጊንጥ እኮ የለኝም! ስንት ጆንያ ሙሉ ስፈልገው የኖርኩት!»

«እሰይ! ጊንጥ አፉን ፈታለት!» አለችና መራጮቹ ሁሉ ሳቁ።

እኔም አብሬ ሳቅሁ። ብሩሼን አንስቼ ከጅራቱ ጀመርኩ። በየመገጣጠሚያው ቆሻሻ ገብቶበታል። ጫፉ ላይ ሹሏ መንደፊያ ሳትሰበር አለች። ጥቁር፣ ጅራቱ የተቆለመመ። እጄ ውሃው ውስጥ ቆመ።

ያንን ጥቁሩን፣ ጅራቱ የተቆለመመውን።

መጀመሪያ ራሴን ላታልል ሞከርኩ። ጥንዚዛው ጥቁር ነው፤ ጅራት ግን የለውም። ጉንዳኑም ጥቁር ነው፤ እሱም ጅራት የለውም። ተርብ ዝንቧ ጅራት አላት፤ እሷ ደግሞ በጨለማም ቢሆን በክንፏ ትለያለች። ዓይኔን ጨፍኜ ቆርቆሮውን በሐሳቤ ገለበጥኩት፣ አንድ በአንድ ለቀምኳቸው። በጅራቱ የሚንጠለጠል ጥቁር ነገር እኔ የለኝም። እንደ ሌሎቹ ልፍስፍስ አይደለም ብላኛለች። እዚያው መስኮታችን ስር የተከመረው ድንጋይ ፊቴ ላይ ድቅን አለ፤ የሥሩ ጎን ፀሐይ ሳያይ የኖረ፣ ያረጀ፣ ሲነካ ትንሽ ትንሽ አፈር የሚለቅ ድንጋይ። ጀርባዬ ላይ የሆነ ነገር ቁልቁል ሲሄድ ተሰማኝና ዘለልኩ። ላብ ነበር።

ራዲዮ ተነስታ መጣች። «ምን ሆንክ? አመድ መሰልክ እኮ።»

እየተንተባተብኩ ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። እጇን ሽርጧ ላይ ደጋግማ ጠረገች።

«ትልቅ ሰው ከሆነ ያስጮኸዋል እንጂ ይተርፋል» አለች ቀስ ብላ። «ልጅ ግን…»

እዚያ ላይ ዘጋች። ሥራ ከጀመርኩ ጀምሮ ራዲዮ ጀምራ ያልጨረሰችው ወሬ ይኸ ብቻ ነው። የቀረውን ራሴ ጨረስኩት።

በእሷ ስልክ ደወልን። የወንድሜ ሚስት ስልክ ጠርቶ ጠርቶ ዝም አለ፤ እጇ ሰው ፀጉር ውስጥ ሲሆን ስልኳ መሳቢያ ውስጥ ነው። የወንድሜ ደግሞ ጨርሶ አይጠራም፤ በዚያ ሰዓት ስልክ የማይደርስበት ተራራ ላይ ነው። በሩ ላይ ባለ መጋዘኑ ከጫኝ አውራጆች ጋር ይነታረካል። ፊቱ ቆምኩ። የሽርጤን ጠርዝ መጠምዘዝ ጀመርኩ።

«ሽንት ቤት ነው?» አለኝ። «ሂድ እንጂ፣ እንደ ልጅ ታስፈቅደኛለህ እንዴ?»

«ልጅ ልትሞትበት ነው ጌታዬ፣ ይልቀቁት!» ብላ ራዲዮ ከኋላዬ ጮኸች።

ልትሞት የሚለው ቃል ከሰው አፍ ሲወጣ ስሰማ ቦቴንም ሽርጤንም ሳላወልቅ ሮጥኩ።

ታክሲው ሊሞላ አንድ ሰው ይቀረዋል። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይጣራል፣ ሾፌሩ ጥርሱን በእንጨት ይጎረጉራል። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ከሽርጤ የሚንጠባጠበውን ውሃ አይታ ቀሚሷን ሰበሰበች። «ሰው ሊሞት ነው፣ እንሂድ» ማለት ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ሁሉም ዞረው አዩኝ፤ ዘጋሁት። ኪሴ ውስጥ ያለውን በሙሉ አውጥቼ ረዳቱ እጅ ላይ አስቀመጥኩ። ገንዘቡን አየ፣ ፊቴን አየ፣ ከዚያ ጣሪያውን መታ፣ ሄድን። መንገዱ ላይ የማየው ሱቅም ሰውም አልነበረም፤ የማየው ሚጢጢን ነው። ስትነቃ መጀመሪያ በባዶ እግሯ መደርደሪያው ላይ ወጥታ ቆርቆሮውን ታወርዳለች። ክዳኑን በጉልበቷ ይዛ ትከፍታለች። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና እጇን ወደ ውስጥ ትከታለች፤ በዳበሳ ይሄ ፌንጣ ነው፣ ይሄ ሸረሪት ነው እያለች መለየት ጨዋታችን ነው። ስትሳሳት «እንደገና በደንብ ጨብጪው» እላታለሁ። ጨዋታውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ጨብጪው የምላት እኔ ነኝ። መብራት ላይ በቆምን ቁጥር ያቺ እጅ እስከ ክንዷ ቆርቆሮው ውስጥ ትገባለች።

ግቢ ስደርስ የቤቱ ባለቤት አሮጊቷ ልብስ ያሰጣሉ። የሰው ለቅሶ አይሰማም። ደስ ሊለኝ ሲገባ ያ ጸጥታ ይበልጥ አስፈራኝ።

«እማማ፣ ሚጢጢስ?»

«ትምህርት ቤቷ ነዋ! ምነው በቦት? ጎርፍ መጣ እንዴ?»

ቁልፌን አውጥቼ በሩን ከፈትኩ። መደርደሪያው ላይ ቆርቆሮው የነበረበት ቦታ አቧራ የሌለበት ክብ ብቻ ቀርቷል። ክቡን በጣቴ ነካሁት። እማማ መቆንጠጫ በአፋቸው ይዘው ተከትለውኝ መጡ።

«ቆርቆሮዬስ?»

«ይዛው ሄደች። እናቷ ‹ለጓደኞችሽ አድያቸው፣ ከዛሬ በኋላ እዚህ አያድሩም› አለቻት። ልጅቷ እንደ ከበሮ እየደበደበችው፣ እየዘፈነች ነው የወጣችው። ከፋህ? ተው ልጄ፣ የጎማ ነገር እኮ ነው። ለትልቅ ሰው…»

የቀረውን አልሰማሁም። እንደ ከበሮ እየደበደበችው ብለውኛል። ውስጡ ያለውን ስታበሳጨው፣ ስታነቃው ሄዳለች ማለት ነው። አሁን ደግሞ የእሷ እጅ ብቻ አይደለም የሚገባበት።

መዋዕለ ሕፃናቱ ከመንገዱ መጨረሻ፣ ከጋራዡ አጠገብ ነው። በሩ የብረት ፍርግርግ ነው፤ ከኋላው ሸምገል ያሉ ዘበኛ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

«የማን ነህ?»

«የሚጢጢ አጎት…»

«ጮክ በል፣ ጆሮዬ ደከም ይላል።»

«የሚጢጢ።»

«እዚህ ያለው ሁሉ ሚጢጢ ነው! የትኛዋ?»

የእናቷን ሥራ ነገርኳቸው። «እናቷን አውቃታለሁ፤ አንተን ግን አይቼህ አላውቅም። ልጅ የምናስረክበው ለምናውቀው ሰው ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሚጢጢን አምጣት በተባልኩ ቁጥር አስተማሪዎቹን ማነጋገር ፈርቼ እምቢ ስል የኖርኩ ሰው ነኝ።

«አባባ፣ ክፍል ውስጥ ጊንጥ አለ።»

«ምን አለ?»

«ጊንጥ።»

ቦቴን አዩ፣ የሚንጠባጠበውን ሽርጤን አዩ፣ ወደ ፊቴ ጠጋ ብለው አሸተቱኝ። «ልጄ፣ ጠጥተሃል?»

በፍርግርጉ መሃል ግቢው ይታያል። አሸዋው ላይ አንድ ክፍል ሙሉ ልጆች ይጫወታሉ። ከእነሱ ባሻገር የሚጢጢ ክፍል በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ልጆቹ ምንጣፍ ላይ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ቆርቆሮዬ መሃላቸው ተደፍቷል። ከሩቅ ለየኋቸው። ፌንጣውን አንድ ልጅ እያዘለለ ነው። ቀዩን መቶ እግር አንዷ አንገቷ ላይ አድርጋዋለች። አንዱ የሆነ ነገር አፉ ውስጥ ከቷል። አስተማሪያቸው ጀርባዋን ሰጥታ መጽሐፍ ታስተካክላለች። ሚጢጢ እግሯን ዘርግታ እንደተቀመጠች የቆርቆሮውን ክዳን አነሳችና ከስሩ አንድ ጥቁር ነገር ጨብጣ አወጣች።

በዚያው ቅጽበት የአሸዋው ልጆች አስተማሪ እጇን ሁለት ጊዜ አጨበጨበች። «እጅ ጭንቅላት ላይ!» አለች። ልጆቹ አካፋውንም ባልዲውንም ጥለው፣ እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጭነው፣ እንደ እንጨት ቀጥ አሉ።

ፍርግርጉን በሁለት እጄ ያዝኩ።

«እጅ ጭንቅላት ላይ!»

ድምፁ የኔ አልመሰለኝም። ዘበኛው ከወንበራቸው ተነሱ። ጋራዡ ውስጥ የነበረው መዶሻ ቆመ። «እጅ! ጭንቅላት! ላይ!» ብዬ ደገምኩት፣ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ትናንሽ እጆች ሁሉ ተከፍተው ወደ ላይ ወጡ፣ የያዙት ሁሉ ወደ ታች ረገፈ። ፌንጣው ወድቆ ቀረ። መቶ እግሩ ከአንገት ተንሸራቶ ወድቆ ቀረ። ሁሉም የወደቁበት ቀሩ። ከሚጢጢ እጅ የወደቀው ቀሚሷ ላይ አረፈ። እሱ አልቀረም፤ ተራመደ።

«አጎቴ!» አለች አይታኝ፣ እጇን ከጭንቅላቷ ሳታወርድ፣ በደስታ። «ይሄኛው ባትሪ አለው!»

በሩን ማን እንደከፈተልኝ አላስታውስም። ዘበኛው አብረውኝ ይሮጡ ነበር። አስተማሪዋ ዞራ አየች፣ አፏን በመጽሐፉ ሸፈነች፣ ወደ ግድግዳው አፈገፈገች። ምንጣፉ ዳር ስንበረከክ ጊንጡ የሚጢጢ ጉልበት ላይ ነበር፣ ጅራቱን አቁሟል። በእጄ ብጠርገው እሷን ይነድፋታል። ብትነቃነቅም ይነድፋታል።

«ሚጢጢ፣ ጨዋታው አላለቀም» አልኳት። ከእሷ ጋር ስንሆን የማወራበት ድምፅ ከየት እንደመጣልኝ እንጃ። «እጅ ጭንቅላት ላይ። እግርም አይነቃነቅም።»

«መተንፈስስ?»

«ቀስ ብለሽ።»

ቀስ ብላ ተነፈሰች። ጊንጡ የቀሚሷ ጠርዝ ላይ ቆመ፣ በቆንጣጮቹ ዳበሰ፣ ወደ ጭኗ ዞረ። ከዚያ ሐሳቡን ለወጠ። በካልሲዋ ላይ ወረደ፣ ጫማዋን ተሻገረ፣ ምንጣፉን ረገጠ። ብብቷን ይዤ ወደኔ ሳብኳት፤ የዘበኛው ጫማ ከላይ ወረደ። ደረቅ ዳቦ ሲሰበር የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ሰማሁ።

ልጆቹ ሁሉ ባንዴ አለቀሱ። ሚጢጢም ትከሻዬ ላይ ሆና ታለቅሳለች። «ለምን ሰበራችሁብኝ? ለምን?»

አስተማሪዋ ልጆቹን አንድ በአንድ እያራገፈች ወደ ግቢ አወጣች። ምንጣፉ ላይ የኔ ነፍሳት ብቻ ቀሩ። «ሌላም ቢኖርስ?» አለች ከበሩ ላይ ሆና። «ያንተ ናቸው አይደል? አንሳቸው።» ባለ ስድስት እግሯ ሸረሪት ጉልበቴ አጠገብ ነበረች። እንደ መዳፌ የማውቃት ናት። እጄን ዘረጋሁ፤ ስንዝር ሲቀረኝ አልወርድም አለ። ነፋስ የተርብ ዝንቧን ክንፍ አንቀሳቀሰው፣ ወደ ኋላ ዘልዬ በቂጤ ተቀመጥኩ። ዘበኛው መጥረጊያና አካፋ አምጥተው ሁሉንም ባንድ ላይ ጠረጉ። «ከቆሻሻው ጋር ይቃጠል?» ሲሉኝ ራሴን ነቅንቄ አዎ አልኳቸው።

የወንድሜ ሚስት ተጠርታ የመጣችው የፀጉር ቀለም ጓንቷን ሳታወልቅ ነው። ልጅቷን የአስተማሪዋ ጠረጴዛ ላይ አቆመቻት፣ ልብሷን አውልቃ በጣቶቿ መሃል፣ ከጆሮዋ ኋላ፣ ከእግሯ ስር እያገላበጠች አየቻት። ምንም የለም። ነገሩን ከአስተማሪዋም ከዘበኛውም እየቀላቀለች ሰማች። ከዚያ ጓንቷን አወለቀችና አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን እያየች ትንሿ የልጆች ወንበር ላይ ቁጭ አለች።

«በዚህ ነው የያዝኩት» አለች። «በጅራቱ።»

ጣቶቿን ጨብጣ ወደኔ ዞረች።

«ጠዋት ስነግርህ ‹ጊንጥ የለኝም› ብትለኝ ምን ነበረበት?»

«‹ይውጣ› ያልሽውን ብቻ ነው የሰማሁት እትዬ።»

የልጅቷን ካልሲ ማልበስ ጀመረች። ተረከዙን ወደ ላይ አዙራ ነው ያለበሰቻት። አወለቀችው፣ እንደገና አለበሰች፣ እንደገና ተገለበጠባት።

ሦስታችን ወደ ቤት በእግር ተመለስን። እናቷ አንድ እጇን ይዛታለች፣ በሌላ በኩል እኔ አለሁ። ጋራዡን አለፍን። «ማታ አልጋዎቹን ከግድግዳው እናርቃቸዋለን» አለች የወንድሜ ሚስት፣ ወደኔ ሳትዞር። ትንሽ ሄድ ብላ ደግሞ «ያንተንም» አለች።

እማማ በር አጠገብ ስንደርስ ሚጢጢ ቆመች። መንገዱ ላይ አንዲት ትንሽ ጥንዚዛ ተገልብጣ በጀርባዋ ተኝታለች፤ እግሮቿን ታወራጫለች፣ መገልበጥ አቅቷታል። ለወትሮው ቢሆን ሚጢጢ ገና ስታያት ተቀምጣ በጣቷ ታቀናት ነበር። አሁን ከእናቷ ቀሚስ ጋር ተጣብቃ አንገቷን ብቻ አስግጋ አየቻት። ከዚያ ወደኔ ቀና አለች።

«አጎቴ፣ ይችስ ባትሪ አላት?»

ምንም አታደርግም፣ ጥንዚዛ ናት፣ ንኪያት ልላት ፈለግሁ። ጥንዚዛዋን አየሁ፣ የልጅቷን ጣቶች አየሁ። እናቷም እኔን ታየኛለች።

«አላት» አልኳት።

እጇን ከእናቷ እጅ አላቀቀች። ሁለቱንም ጭንቅላቷ ላይ ጭና፣ ጥንዚዛዋን በሰፊው ዞራ አለፈች፣ እንደዚያው ሆና ወደ ግቢው ገባች። እጅሽን አውርጂ ያላት ሰው የለም።